ቀይዋና አመድማዋ

ቶሪኖ፣ መስከረም 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ፣ ለእትዬ አስካለ
አዋሳ፣ አሞራ ገደል

እቴቴ፣ አዲሱን ዓመት እንዴት ተቀበሉት? ጉልበትዎት ተሻለዎት? ዓሣ ጥብሱስ ገበያው እንዴት ነው? እህቴ ጽጌሬዳ ደህና ናት? ባሏ ደምሴ ከሰሜን ይጽፍላታል? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ብርድ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፣ የላይኛው ይመስገን።

እቴቴ፣ እልል ይበሉ! የማስታምመው ሽማግሌ ሲኞር ፒኖ፣ ያው ካዛንችስ ጋራዥ የነበረው፣ እኔንም አስከትሎኝ የመጣው፣ ባለፈው ሳምንት አልጋው አጠገብ አስቀመጠኝና «ገብሬ፣ እኔ ከእንግዲህ አልነሳም። እንደ ልጅ ጦረኸኛል። እዚያ አገርህ ከጋራዡ ጓሮ ሁለት መኪና በሸራ ሸፍኜ መጥቻለሁ። አንዷን ለዘበኛው ለኃይለጊዮርጊስ ሰጥቻለሁ፤ አንዷ ያንተ ናት። ቀድመህ ምረጥ» አለኝ። ጋራዡ ቢወረስም መኪኖቹ በስሙ ስለሆኑ ኃይለጊዮርጊስ እስከ ዛሬ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃቸዋል። እኔ የመረጥኩትን ነግሬው በቆንስላ ፊት ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ መመለሻ የለም፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚፈርምበት ጉልበትም የለው።

አንደኛዋ አመድማ ሰይቼንቶ ናት። አዲስ አበባ ታክሲ የሚሠሩባት፣ ከኋላ ወንበር ያላት፣ ቤንዚን የማታበዛ፣ ብትሰበር መለዋወጫዋ የትም የሚገኝ። ደህና መኪና ናት፣ አላማትም። ሁለተኛዋ ግን፣ እቴቴ ምን ብዬ ልንገርዎት፣ ቀይ ስፖርት መኪና ናት! ጣራዋ ይታጠፋል። ስትነሳ ጆሮ ትይዛለች። ያላት ሁለት ወንበር ብቻ ነው፤ ታዲያ ሁለት ወንበር ምን አነሰን? አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለጽጌ። የመግቢያ ወረቀቴ እስኪያልቅና እኔ እስክመጣ ድረስ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሾፌሩ ኑሪ ይንዳላችሁ።

ልቤ ወዴት እንዳደላ አውቀውብኛል። ቢሆንም ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና ሳልጠይቅዎት አልመርጥም። ምን ይላሉ?

ልጅዎት ገብረየስ


አዋሳ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄ ለገብረየስ፤ ከብርዱም ከሰው ዓይንም ይሰውርህ።

ይህን የምጽፍልህ እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ! መሠረተ ትምህርት ጨርሼ ወረቀት ተቀብያለሁ። ድሮ ጉዳዬን ለጸሐፊ እየነገርኩ አገር ምድሩ ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ማንም አይሰማኝም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲጠብስ የሚውል እጅ ነው።

አመድማዋን አድርግ። አለቀ።

ምነው አንተ ልጅ? እኛ እዚህ ያለነው መኪና የምንፈልገው ለመታየት ይመስልሃል? ጣራዋ ይታጠፋል ትለኛለህ። እኔ ጣራ የምፈልገው እንዲዘጋልኝ ነው እንጂ እንዲታጠፍልኝ ነው? ያች ቀይ መኪናህ የአህያ ባል ናት፤ የቁርጥ ቀን ሲመጣ ከጅብ አታስጥልም።

አንድ ነገር ብቻ ጽፈህ አስረዳኝ። አመድማዋ ላይ ከኋላ ሰው ጋደም ሊል ይችላል? ሌላ ሰው ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ሊደግፈው ይችላል? ለምን አትበለኝ፣ ሆድ ይፍጀው። ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ብዙ ሳትቆይ እዚህ ትድረስልኝ።

ጽጌ ደህና ናት። ከቢሮ ስትመለስ እንቅልፍ ታበዛለች እንጂ ሌላ ምንም የላትም። ደምሴ ከዘመተ ወዲህ አንዴ ብቻ ጽፏል። አንተ ስለ እኛ አታስብ፤ ብቻ አመድማዋን ምረጥ። እባክህ። እኔ እባክህ ማለት እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ።

አክስትህ አስካለ


ቶሪኖ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእቴቴ፤ እጅዎትን ስሜ ጤናዎትን እጠይቃለሁ።

ደብዳቤዎት ሲንከራተት ሰንብቶ ትናንት ደረሰኝ። የእጅ ጽሑፍዎትን ሳየው አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። የጻፉትን ሳነበው ግን ሆዴ ባሰው። ሰው ጋደም የሚልባት? እቴቴ፣ የሚፈልጉት መኪና ነው አልጋ? ታክሲ ሊያደርጓት አስበው ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ፤ አልቀየምም። ዓሣ ሊጭኑባት ከሆነም ይንገሩኝ። ምክንያቱን ደብቀው «አለቀ» ሲሉኝ ግን እንደገና የአሥር ዓመት ልጅ አደረጉኝ።

ያን ነገር ረስተውታል? በጃንሆይ ጊዜ ሐይቁ ዳር የመኳንንቱን ልጆች መኪና ሳጥብ? አንድ ቀን አንዱ ቀይ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ይዞ መጣ። አጥቤ ስጨርስ ጽጌ አጠገቤ ቆማ ታያለች፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አሳዘነችኝና ከጎን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። እግሯ መሬት አይነካም ነበር፤ መሪውን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ አድርጋ «ንዳው ጋሼ» አለችኝ። ሰውየው ደርሶ እኔን በጥፊ አጮለኝ፣ እሷን በክንዷ ጎትቶ አሸዋ ላይ ጣላት። ማታ እያለቀሰች አላስተኛን ስትል «አንድ ቀን የራሳችን ላይ አስቀምጥሻለሁ» አልኳት። እርስዎም በሩ ላይ ቆመው ሰምተውኛል።

እቴቴ፣ እኔ እዚህ አገር የሽማግሌ ሽንት ስደፋ የኖርኩት ይህን እያሰብኩ ነው። ስለዚህ ለጽጌ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ። ወንበሩ የእሷ ነውና እሷ ትምረጥ። አመድማዋ ካለች አመድማዋ ትሆናለች፣ ቃሌ ነው። ብቻ ሲኞር ፒኖ በጣም ደክሟል፤ ቶሎ ትመልስልኝ።

ልጅዎት ገብረየስ


አዋሳ፣ ጥር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ ገብረየስ፤ ሰላምታውን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ዛሬ ቀልብ የለኝም።

ደብዳቤህ አሁን ደረሰኝ። ለጽጌ የላክኸው ቀድሞ በቢሮዋ በኩል ደርሷት ኖሮ መልሱንም ልካልሃለች። ምን ብላ እንደጻፈች ብጠይቃት «የወንድምና የእህት ጉዳይ ነው እቴቴ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ወዲያው ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

በእናታችሁ አጥንት አስምላኝ ነበር። መሐላዬን አፈረስኩ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ጽጌ ስድስት ወሯ ነው።

ሁለቱን መጨንገፏን ታውቃለህ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልነገርንህም። የመጀመሪያው ጊዜ በጋሪ ነው፤ አውቶቡስ ተራ ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀረ። ሁለተኛውን ኑሪ በማኅበሩ መኪና ከዓሣ ሣጥኑ መሐል አስተኝቶ ይርጋለም ሆስፒታል ሊያደርሳት ሲጣደፍ ቱላን እንኳ አላለፍንም። ያን ጊዜ እኔ በደስታ አስቀድሜ አስጽፌልህ የሕፃን ልብስ ልከህልን ነበር። ልብሱ የመጣው በአርባው ነው። ጥቅሉን የፈታችው ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ነው ለሩቅ አገር ሰው ትንፍሽ እንዳትይ ያለችኝ። እኔም ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

የይርጋለም ሐኪም ቁርጡን ነግሮኛል። በራሷ አትወልድም፣ በቀዶ ጥገና ነው። አልጋ የሚሰጣት ዘጠነኛው ወር ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት ምጥ ከያዛት በጀርባዋ ተኝታ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ፣ ደሟን እየተከታተለ፣ ሳትንገላታ ትምጣ አለኝ። ካልሆነ እናትም ልጅም የሉም አለኝ፣ እንዲህ ዓይን ዓይኔን እያየ። እኔ አመድማዋ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ይርጋለም ድረስ ስሄድ ስንት ቀን በሐሳቤ ተመላልሻለሁ መሰለህ!

እሷ ያለችህን አትስማ። አመድማዋን! ገብሬ፣ አመድማዋን!

አስካለ


ቶሪኖ፣ ጥር 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእቴቴ፤ በጤና ይቆዩኝ፤ ቁጣዎትንም በልክ ያድርጉልኝ።

እንግዲህ የሆነው ሆነ። የጽጌ መልስ ደረሰኝ። ቃሏን ልገልብጥልዎት፦ «ወንድሜ፣ እቴቴ የምትልህን አትስማ፤ ፈሪ ሆናለች። ያኔ በጥፊ ሲመታህ ያለቀስኩት እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ያንተ ደስታ ደስታዬ ነው፣ ቀይዋ ትሁን። ከጎንህ ስቀመጥ ንዳው ጋሼ እልሃለሁ።»

እቴቴ፣ ይህን አንብቤ እንዴት አመድማዋን ልበል? በማግስቱ ሲኞር ፒኖ ፈረመ። እጁን ደግፌ አስፈረምኩት። ሐሙስ ዕለት አረፈ፤ እግሩን ያጠብኩት፣ ዓይኑን የከደንኩት እኔው ነኝ። እንግዲህ እዚህ ከተማ የሚያውቀኝ አንድም ሰው የለም። የቀይዋ ወረቀት በኑሪ ስም በተጻፈ ውክልና ወጥቷል፣ የአመድማዋም ለኃይለጊዮርጊስ ሄዶለታል።

አይቆጡኝ። መኪናዋ ከተማ ስትገባ ይስቃሉ፣ አውቅዎታለሁ።

ልጅዎት ገብረየስ


አዋሳ፣ የካቲት 15 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለገብረየስ፤

መጣችልህ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ኑሪ ከአዲስ አበባ ይዟት ሲገባ ከባህል አዳራሽ ጀምሮ ሕዝብ ተከትሎት መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ዞሮ ዞሮ አያትና «ይህቺ ደግሞ የየትኛው ቡርዧ ናት?» አለኝ። «የዓሣ ጠባሽዋ ናት ጓድ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጽጌ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ጥላ ከጎን ተቀመጠችና እጇን መሪው ላይ አድርጋ ሳቀች። ከሁለተኛው ልጅ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ አልዋሽህም። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኑሪን አደራ ብዬው ስለነበር ኃይለጊዮርጊስን ለምኖታል፤ ቀይዋን ውሰድ አመድማዋን ስጠኝ ብሎ። ያ ምስኪን በሳምንቱ ለታክሲ ነጂ ሸጧታል፤ ልጆቹ ተርበው ኖሮ። እንዴት ይፈረድበታል?

ሰው ሲሄድልኝ ከሁለቱ ወንበር ኋላ ያለችውን ክፍተት ልሞክራት ብዬ ገባሁ። ለጎመን ዘንቢልም አትበቃ። አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ውጭ ሆኖ ቀረሁና የጎረቤት ሴቶች ጎትተው አወጡኝ። ሲስቁ እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? የማኅበሩን ሊቀመንበር የዓሣ መኪናዋን ለሁለት ወር አትራቅብኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። «እትዬ አስካለ፣ የብዙኃኑ መኪና ለአንድ ሰው አይቆምም፤ ደግሞ ደጅዎት ቀይ መኪና ቆማ!» አለኝ። ይኸውልህ፣ መኪና አላት ተብሎ ጋሪው እንኳ ዋጋ ጨመረብኝ።

ደብዳቤዬ መንገድ ላይ እንደተላለፈህ ገብቶኛል። ልረግምህ ብዕር አንስቼ ነበር፤ እናትህ ታየችኝና ተውኩት። አንድ መላ ካለህ ንገረኝ። እኔ መላዬ አልቋል።

አስካለ


ቶሪኖ፣ የካቲት 17 ቀን 1974 ዓ.ም.

እቴቴ! እቴቴ!

የጥር ዘጠኙ ደብዳቤዎት ከሦስት ቀን በፊት ደረሰኝ። በምን ዓይኔ ላንብበው? ለኃይለጊዮርጊስ ቴሌግራም ብልክ አመድማዋ ተሸጣለች አለኝ። ምነው በጥቅምት ቢነግሩኝ! ምነው እሷስ! ታክሲ፣ ዓሣ ስል ስቀልድብዎት የከረምኩት እኔ አፌን ምን ቢዘጋው ይሻል ነበር?

አሁኑኑ ሽጧት። ያገኛችሁትን ተቀበሉ፣ በነፃም ቢሆን ስጧት፣ ብቻ በዚያ ብር ሆስፒታሉ አጠገብ ይርጋለም ቤት ተከራይታችሁ ጽጌን ይዘው ይቀመጡ። ዘጠነኛውን ወር አይጠብቁ። ለጽጌ ደግሞ ይንገሩልኝ፤ ያ ጥፊ ድሮ ወጥቶልኛል፣ ለመኪናው ብዬ ነው የማነሳው እንጂ ረስቼዋለሁ ብሏል ይበሏት። ውሸቴን ነው፣ ግን ይበሏት።

ቤት አከራዬ ማታ ማታ በሩን እያንኳኳች «ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው?» ትለኛለች። ቶሎ ይጻፉልኝ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን ይላኩልኝ፣ በሕይወት አለች ማለት ነው ብዬ እረዳዋለሁ።

ገብረየስ


አዋሳ፣ መጋቢት 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለገብረየስ፤ መድኃኔዓለም አጠገብህ ይሁን።

ልጄ፣ ይህን ወረቀት ስታነብ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ይዞህ ነው የሚነግርህ። እዚያ የሚይዝህ የአገር ሰው ባገኝ በእሱ በኩል በላክሁብህ ነበር። ማንም የለኝም ብለሃል። ስለዚህ እኔው በዚህ በተንጋደደ ፊደሌ እይዝሃለሁ።

እንዳልከው አድርገን ነበር። ለመኪናዋ ገዥ አግኝቼ፣ ይርጋለምም ቤት ይዤ ሰኞ ልንሄድ ዕቃ አስረናል። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ስታቀርብልኝ ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ስምንተኛ ወሯ ገና ነው። ደም አየሁ። የማኅበሩ መኪና አዲስ አበባ ሄዳለች፤ ኑሪ ግን ሳምንቱን ተረኛ ስላልነበረ አሞራ ገደል ነበርና ሮጠን አመጣነው። ጎረቤት ሁሉ በሩ ላይ ማርያም ማርያም ይላል። ከጎን አስቀመጥናት። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛለሁ ብል እንቢ አለኝ። ጭኗ ላይ ልቀመጥ ነው? ከእግሯ ሥር ልንበርከክ ገባሁ፤ ጉልበቴ ማርሹን ያዘበት። ኑሪ «እትዬ፣ ከሁለታችን አንዳችን መውረድ አለብን፣ እኔ ከወረድኩ ማን ይነዳል?» አለኝ። ወረድኩ። የነጠላዬን ጫፍ ይዛ «እቴቴ አትልቀቂኝ» አለችኝ። መኪናዋ ስትነሳ ጨርቁ ከእጇ አመለጠ። ምን እንዳልኳት አላውቅም። እያለቀስኩ ቱላ ድረስ በጋሪ ተከተልኩ፤ ከዚያ የእህል መኪና ላይ ጫኑኝ።

ኑሪ የሆነውን ሁሉ ነግሮኛል፤ ሳይጠይቁት፣ ደረቱን እየደቃ። እስከ ቱላ ድረስ ትጮህ ነበር። እሱም ያች መኪና ያላትን ሁሉ አስወጥቶ እንደ ነፋስ አስኬዳት። የሰው ሚስት በምጥ ላይ ሳለች ማየት ነውር ነው ብሎ አንድ ጊዜም ዞር ብሎ አላያትም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ቱላን እንዳለፉ ዝም አለች። «እትዬ፣ ተኛችልኝ ብዬ ደስ አለኝ» ይለኛል። «እፎይ አልኩ። እንዳትነቃብኝ ብዬ ቀስ ብዬ ነዳሁ።»

ቀስ ብሎ ነዳ፣ ገብሬ። ያችን ፈጣን መኪና።

ሐኪሙ ልጅቱን ከሆዷ አወጣት። ሴት ናት፣ አለች፣ ትጠባለች፤ በቅርቡ የወለደች ጎረቤታችን ታጠባልኛለች። ጽጌ ግን ዓይኗን አልገለጠችም። አብረዋት ቢሆኑ ኖሮ ደሙን ያዩት ነበር አለኝ ሐኪሙ። ደምሴም ገና አያውቅም፤ በየትኛው ሰው ልላክበት?

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሌሊት ሌሊት ስፈልግ አድራለሁ። አንተ ለእሷ ብለህ መረጥክ፣ እሷ ላንተ ብላ መረጠች፣ እኔ ለሁለታችሁ ብዬ ዝም አልኩ። ኑሪም አክብሯት ነው ያላየው። ተዋደን ገደልናት፣ ልጄ። አልረግምህም፣ አንተም አትርገመኝ። አልቅስ፣ ጩኽ፣ አከራይህ በሩን ብታንኳኳ ግባ በላትና ንገራት። ሰው ብቻውን አያለቅስም።

ሕፃኗ ስም የላትም። ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ ስም ላክላት፤ አንተ እንድታወጣላት እፈልጋለሁ። ያኔ የላክኸው ልብስ ልኳ ሆኗል፣ ቢጫው ሹራብ ብቻ ይሰፋታል።

መኪናዋን ገዥው አልፈልግም ብሎ ተዋት፤ ሰው የሞተባት ናት ብሎ። ነገ ሐኪሙ ልጅቱን አምጧት ብሏል። ኑሪ ይነዳል፣ እኔ ልጅቱን ታቅፌ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሁለት ወንበር ምን አነሰን ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አሁን በቃን።

አክስትህ አስካለ